የአሮጌ መኪናችንን ፍሬን በራሳችን እጅ ማደስ

መኪና ማስኬድ አንድ ነገር ነው፤ ማቆም ሌላ ነገር ነው። ሞተር ቢበላሽ መኪናው ባለበት ይቆማል። ተሳፋሪው ይወርዳል፤ ጭነቱም ይራገፋል፤ ሰው በእግሩ ወይም በበቅሎው መንገዱን ይቀጥላል። ፍሬን ሲበላሽ ግን መኪናው አይቆምም። ስለዚህ ከአንድ አሮጌ መኪና ክፍሎች ሁሉ ቀድመን ልናውቀው የሚገባን ፍሬኑን ነው።

በዚህ ትምህርት ለምሳሌ የምንወስደው ላንድሮቨርን ነው። ላንድሮቨር የእንግሊዝ አገር ሥራ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም ከተማ ነበር። ሲሪስ የሚባለው የቆየው ዓይነት እስከ 1985 ድረስ ተሠርቷል። በአገራችን ገጠር እህል፣ በሽተኛና መንገደኛ ሲያመላልስ የኖረ ስለሆነ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። የዚህ መኪና አራቱም ጎማዎች የከበሮ ፍሬን አላቸው። ብዙ ሌሎች አሮጌ መኪናዎችም ቢያንስ በኋላ ጎማዎቻቸው ላይ ይኸው ዓይነት ፍሬን አላቸው። ሥራውን አንዱ ላይ ካወቅነው ሌላው ላይ ብዙ አያስቸግረንም።

ሥራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ጥንቃቄ፣ ንጽሕናና ማንበብ መቻል። ታዲያ ለፍሬን ማንበብ ምን ያደርጋል? የሚል ሰው ቢኖር፣ መልሱን ወደፊት ያገኘዋል።

ፍሬን ምን ይሠራል?

ሁለት መዳፎቻችንን አጥብቀን ብናፋትግ ይሞቃሉ። ፍሬንም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። የሚዞረውን ብረት የማይዞር ነገር ይጫነዋል። ይፋተጋሉ። የመኪናው ሩጫ ወደ ሙቀት ይለወጣል። መኪናው ፍጥነቱን ያጣል፤ ፍሬኑ ይግላል።

ሙቀቱ ምን ያህል ነው? በስሌት እንየው። ከጎሐ ጽዮን ተነስተን ወደ ዓባይ ድልድይ ስንወርድ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል እንወርዳለን። ከነጭነቱ 2000 ኪሎ፣ ማለት 20 ኩንታል የሚመዝን መኪና 1000 ሜትር ሲወርድ ሙቀቱ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ቢያርፍ፣ ወደ 60 ሊትር የሚጠጋ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ይህ ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ሦስት ጀሪካን ውሃ ለማፍላት ስንት ሸክም እንጨት እንደሚያስፈልግ እናቶቻችን ያውቁታል። ይህ ሁሉ እሳት አራት ትንንሽ ከበሮዎች ላይ ያርፋል ማለት ነው። በጣርማ በርና በሊማሊሞ ቁልቁለትም ነገሩ ይኸው ነው።

ለዚህ ነው ጎበዝ ሹፌር ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ከባድ ማርሽ አስገብቶ በሞተሩ እየተያዘ የሚወርደው። ፍሬኑን ለክፉ ቀን ያቆየዋል።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የፍሬኑ ሥራ እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ለመቆም 20 ከሚሄደው አራት እጥፍ ሥራ ይጠይቃል።

የከበሮ ፍሬን ክፍሎች

ከጎማው በስተጀርባ ድስት የመሰለ ወፍራም ብረት አለ። ይህ ከበሮው ነው። በጋራዥ ታምቡር ይሉታል። ከጎማው ጋር ተያይዞ አብሮ ይዞራል። በአብዛኛው አጭሩ ላንድሮቨር ላይ የከበሮው የውስጥ ስፋት 25 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ፣ ረጅሙ ላይ ደግሞ 28 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው።

በከበሮው ውስጥ ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ ሁለት ብረቶች አሉ። እነዚህ አይዞሩም። በውጭ ጎናቸው ላይ ሸራ ተለብጧል። ሸራው በመዳብ ሪቬት ወይም በማጣበቂያ ይያዛል። ከበሮውን የሚነካው ይህ ሸራ ነው።

በሁለቱ ብረቶች ጫፍ መካከል አንድ ትንሽ ሲሊንደር አለ። በአንዳንዱ ጎማ ላይ ሁለት ሊሆን ይችላል። በውስጡ ፒስተንና ጎሚኒ የሚባል ትንሽ ጎማ አለ። ጎሚኒው ዘይቱ እንዳያመልጥ ይዘጋል። ፍሬን ስንረግጥ ፒስተኑ ወጥቶ ሸራዎቹን ወደ ከበሮው ይገፋል። ስንለቅ ሞላዎች ሸራዎቹን ወደ ቦታቸው ይመልሷቸዋል። ይህ ሁሉ የተሰካበት ክብ ብረት የጀርባ ሳህን ይባላል።

ይህን ዓይነት ፍሬን ለመኪና በማዋል በሰፊው ስሙ የሚነሳው ፈረንሳዊው ሉዊ ሬኖ ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1902 ነበር።

ዘይቱ የእግራችንን ኃይል እንዴት ያደርሳል?

አንድ ስልቻ ውሃ ጢም አድርገን ሞልተን አፉን ብናስር፣ በአንድ በኩል ስንጫነው በሌላው በኩል ይወጠራል። ውሃ ታጭቆ አያንስምና የተጫንነው ኃይል ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይሄዳል። ይህን ሕግ በ17ኛው መቶ ዓመት የኖረው ፈረንሳዊው ሊቅ ብሌዝ ፓስካል አስረድቶታል። በፍሬንም እንደዚሁ ነው። እግራችን ፔዳሉን ይረግጣል። ዋናው የፍሬን ፓምፕ ዘይቱን ይገፋል። ዘይቱ በቀጫጭን ቱቦዎች ሄዶ በአራቱም ጎማ ያሉትን ፒስተኖች ይገፋል።

ስልቻው ውስጥ ከውሃው ጋር አየር ቢኖርስ? ስንጫነው አየሩ ይታጨቃል እንጂ ኃይሉ ወዲያ ማዶ አይደርስም። በፍሬን ቱቦ ውስጥም አየር ከገባ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል። መኪናው ግን አይያዝም።

ሌላው ጠላት ውሃ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየሩ ላይ እርጥበት ይስባል። በቆርቆሮ ላይ የሚጻፈው 3 ቁጥር ዶት ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል። ውሃ ሲገባበት ግን በ140 ዲግሪ ሊፈላ ይችላል። 4 ቁጥሩ አዲሱ 230፣ ውሃ የገባበት 155 ነው። በረጅም ቁልቁለት ከበሮው ሲግል ያረጀው ዘይት ይፈላል። ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል። እንፋሎት ደግሞ እንደ አየር ይታጨቃል። ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርዳል። ከላይ ሆኖ ሲሞከር ደህና የነበረ ፍሬን ከታች ሲደረስ የሚጠፋው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ቆርቆሮውን ማንበብ

ማንበብ ለምን ያስፈልጋል ላልነው መልሱ እዚህ ላይ ነው። የፍሬን ዘይት ስሙ ዘይት ይባል እንጂ የሞተር ዘይት ዘመድ አይደለም። የሞተር ዘይት ወይም ናፍታ በፍሬን ውስጥ ቢገባ ጎሚኒዎቹ ያብጣሉ፤ ይለሰልሳሉ፤ ይበላሻሉ። ያን ጊዜ ፍሬኑ ወይ ተነክሶ ይቀራል፣ ወይ ዘይቱን ያፈሳል። የአራቱም ጎማ ጎሚኒዎችና የዋናው ፓምፕ ጎሚኒ በሙሉ መለወጥ አለባቸው።

ሁለቱ ቆርቆሮዎች በመልክ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። በጽሑፍ ግን ይለያያሉ። በፍሬን ዘይት ቆርቆሮ ላይ በፈረንጅ ፊደል ዶት ተብሎ ይጻፍና 3 ወይም 4 የሚል ቁጥር ይከተለዋል። በሞተር ዘይት ቆርቆሮ ላይ ደግሞ 30፣ 40 የመሰለ ቁጥር እናያለን። የፈረንጁን ፊደል ባናውቅ እንኳ ቁጥሩን እናነበዋለን። ጥርጣሬ ካለን የሚያውቅ ሰው ሳንጠይቅ አንቅዳ። 5 ቁጥር የተባለው ሲልከን ያለበት ዘይት ከ3 እና ከ4 ጋር አይቀላቀልም።

ዘይቱን ስንገዛ ያልተከፈተና ትንሽ ቆርቆሮ እንምረጥ። ከፍተን ለወራት ያስቀመጥነው እርጥበት ስለሚስብ አይታመንም። ዘይቱ መርዝ ስለሆነ በአረቄ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ ቀድተን ቤት ውስጥ አናስቀምጥ። ልጅ ሊጠጣው ይችላል። ለሥራ የተጠቀምንበት ጠርሙስ ላይ መርዝ ብለን በትልቁ እንጻፍበት።

ሥራ ከመጀመራችን በፊት

የሚያስፈልጉን ነገሮች እነዚህ ናቸው። ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ፣ የተለያዩ ቁልፎች፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ መዶሻ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ሳሙናና ውሃ፣ ቀጭን ግልጽ ቱቦ፣ ጠርሙስ፣ የፍሬን ዘይት፣ አዲስ ሸራና ጎሚኒ። ደብተርና እርሳስም ከመሣሪያዎቹ ጋር ይቆጠራሉ።

መኪናውን በሜዳ ላይ፣ በደረቅና በጠንካራ መሬት ላይ እናቆማለን። አሁን በደንብ እናስተውል። የአሮጌው ላንድሮቨር የእጅ ፍሬን ጎማዎቹን አይዝም። የሚይዘው ከካምቢዮው በስተኋላ ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄደውን ዘንግ ነው። አንድ የኋላ ጎማ ከመሬት ሲነሳ የእጅ ፍሬኑ ቢሳብም መኪናው ሊንከባለል ይችላል። ስለዚህ መሬት ላይ በሚቀሩት ጎማዎች ፊትና ኋላ ትልልቅ ድንጋይ አጥብቀን እናስገባለን። የእጅ ፍሬኑን አምኖ መኪና ሥር የሚገባ ሰው በነፍሱ ይጫወታል።

አምስቱን የጎማ ዳዶዎች ጎማው መሬት ላይ እንዳለ እናላላለን። ከዚያ በክሪክ እናነሳለን። ክሪክ ለማንሳት ነው፤ ለመደገፍ አይደለም። ከጎማዎቹ መካከል ካለው ወፍራም አክስል ሥር ጠንካራ የእንጨት ግንድ እናስገባለን። ጡብና ብሎኬት ሳይታሰብ ስለሚሰበር አይሆንም።

ስለ አቧራው

ከበሮውን ስንከፍት በውስጡ ጥቁር አቧራ እናገኛለን። በቀድሞ ጊዜ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ከተባለ የድንጋይ ጭረት ይሠራ ነበር። የዚህ ጭረት ብናኝ ወደ ሳንባ ሲገባ አይወጣም። ከብዙ ዓመታት በኋላ የሳንባ ካንሰርና ሌላ የሳንባ በሽታ ያመጣል። በዚህ ምክንያት የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ሕግ አባል አገሮቹ እስከ 2005 ድረስ አስቤስቶስን እንዲከለክሉ ወስኗል። የእኛ አሮጌ መኪና ላይ ያለው ሸራ ግን መቼ እንደተሠራ ማን ያውቃል? አስቤስቶስ አለበት ብለን መጠንቀቅ ይሻላል።

አቧራውን በአፍ እፍ አንበል። በጎማ መንፊያም አናስነሳው። ደረቅ ብሩሽም አይሆንም። ሳሙና ባለው ውሃ አርሰን በእርጥብ ጨርቅ እንጠርገው። ጨርቁን በፌስታል አስረን ልጆችና ከብት ከማይደርሱበት፣ ከምንጭና ከጉድጓድ ውሃ ራቅ ባለ ቦታ አርቀን ቆፍረን እንቅበረው። አፍና አፍንጫችንን እንሸፍን። የሥራ ልብሳችንን ሳንታጠብ ወደ ቤት ይዘን አንግባ። በልብሳችን ላይ ያለውን አቧራ ሕፃናት ይስቡታል።

መፍታት

አንደኛ፣ ጎማውን እናወጣለን። በጀርባ ሳህኑ በስተኋላ የማስተካከያ ቡሎን አለ፤ በአንዳንዱ አንድ፣ በሌላው ሁለት። ይህን አላልተን ሸራዎቹ ከከበሮው እንዲርቁ እናደርጋለን።

ሁለተኛ፣ ከበሮውን የያዙትን ሦስት ቡሎኖች በካቻቪቴ ፈትተን ከበሮውን እንስባለን። እምቢ ካለ ዙሪያውን በእንጨት መዶሻ ቀስ ብለን እንምታው። በብረት መዶሻ በኃይል ከተመታ ይሰነጠቃል።

ሦስተኛ፣ ከበሮው ሲወጣ ወዲያው እጃችንን አንስደድ። መጀመሪያ አቧራውን እናርጥብና እንጥረግ። ቀጥለን እንይ። የትኛው ሞላ ከየትኛው ቀዳዳ እንደገባ፣ የትኛው ሸራ በፊት የትኛው በኋላ እንደሆነ በደብተራችን ላይ እንሳል። ስሙንም ከጎኑ እንጻፍ። ሥዕሉ ማማር የለበትም፤ ትክክል ይሁን። ደግሞም በአንድ ጊዜ አንድ ጎማ ብቻ እንፍታ። ሥዕላችን ቢያጠራጥረን ያልተፈታው ማዶ ያለው ጎማ ይመሰክርልናል። ብቻ አንድ ነገር አንርሳ፤ ግራና ቀኝ እንደ መስታወት መልክ ይገለባበጣሉ።

አራተኛ፣ ሞላዎቹን በፒንሳ እናወጣለን። ሞላዎቹ የተወጠሩ ስለሆኑ ሲያመልጡ ዓይን ሊያጠፉ ይችላሉ። ፊታችንን ዞር አድርገን በጨርቅ ሸፍነን እንያዛቸው። ከዚያ ሁለቱን ሸራዎች እናወርዳለን። ሸራዎቹ ከወረዱ በኋላ ፔዳሉን ማንም እንዳይረግጥ እንጠንቀቅ፤ ፒስተኖቹ ተፈናጥረው ይወጣሉ።

መመርመር

ከበሮው። ገበያ ላይ ድስት ስንገዛ በጣታችን አንኳኩተን ድምፁን እንሰማለን። ደህናው ይጮኻል፤ ስንጥቁ ይታፈናል። ከበሮውንም በገመድ አንጠልጥለን በትንሽ ብረት እንምታው። የጠራ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው። የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ስንጥቅ እንፈልግ። የተሰነጠቀ ከበሮ አይበየድም፤ አይጠገንም፤ ይጣላል። ውስጡ ትንሽ ቢጫጫር በብርጭቆ ወረቀት እያረጠብን እናለሰልሰዋለን። ጥልቅ ቦይ ካወጣ ግን ወደ ቶርኖ ቤት ይሄዳል።

ሸራው። ሪቬት ያለው ሸራ ሲያልቅ የሪቬቱ ራስ ብቅ ብሎ ከበሮውን ያርሰዋል። እዚያ እስኪደርስ አንጠብቅ። ከሪቬቱ ራስ በላይ የቀረው ሸራ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲደርስ እንለውጠው። በማስመሪያ እንለካዋለን፤ በዓይን አንገምትም።

ዘይት የነካው ሸራ። ሸራው ዘይት ወይም ግራሶ ከጠጣ ውፍረቱ ደህና ቢሆንም አይረባም። አንዳንድ ሰዎች እሳት ላይ አድርገው ዘይቱን ያቃጥላሉ። ይህ ሸራውን ያበላሸዋል፤ ጭሱና ብናኙም ሰውን ይጎዳል። ዘይት የነካው ሸራ ይለወጣል። ከመለወጡ በፊት ግን ዘይቱ ከየት እንደመጣ እናግኝ። ከሲሊንደሩ የመጣ የፍሬን ዘይት ከሆነ ጎሚኒው አልቋል። ከጎማው መሐል የመጣ ወፍራም ዘይት ከሆነ የኩሽኔታው ዘይት መዝጊያ አርጅቷል። ምክንያቱን ትተን ሸራውን ብቻ ብንለውጥ የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ወለል እንደ መጥረግ ነው።

ሲሊንደሩ። የአቧራ መከላከያውን ጎማ ገለጥ አድርገን እንይ። ሥሩ ከረጠበ ያፈሳል። ፒስተኑንና ጎሚኒውን አውጥተን የሲሊንደሩን ውስጥ በንጹሕ የፍሬን ዘይት አጥበን በብርሃን እንየው። እንደ መስታወት ለስላሳ ከሆነ አዲስ ጎሚኒ ይበቃዋል። ዝገት በልቶት ከተቦረቦረ ሲሊንደሩ በሙሉ ይለወጣል፤ አዲስ ጎሚኒም ቢገባበት ማፍሰሱን አይተውም።

ቱቦዎቹ። የጎማ ቱቦዎቹን እጥፍ አድርገን እንይ። ከተሰነጣጠቁ ወይም ካበጡ ይለወጣሉ። ብዙዎቹ አሮጌ ላንድሮቨሮች ለአራቱም ጎማ አንድ የዘይት መስመር ብቻ ነው ያላቸው። አንድ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም ጎማ በአንድ ጊዜ ፍሬን ያጣል።

መጠገንና መግጠም

ከዚህ በኋላ ንጽሕና ይቅደም። እጃችንን በሳሙና እንታጠብ። የጎማ ክፍሎችን በቤንዚን ወይም በናፍታ አንጠብ፤ በንጹሕ የፍሬን ዘይት ብቻ እንጠባቸው።

አዲሱን ጎሚኒ በፍሬን ዘይት አርሰን እናስገባለን። ጎሚኒው እንደ ትንሽ ስኒ ነው። የስኒው አፍ ሁልጊዜ ዘይቱ ወዳለበት ይዙር። ተገልብጦ ከገባ ያፈሳል።

ሸራውን ራሳችን በሪቬት የምንለብጥ ከሆነ ከመሐል ጀምረን ወደ ሁለቱ ጫፎች እየሄድን እንምታ። እንዲህ ካደረግን ሸራው ከብረቱ ጋር ሳያብጥ ይለጠፋል። በሸራውና በብረቱ መካከል ወረቀት እንኳ መግባት የለበትም።

አንድ ትልቅ ሕግ አለ። ሸራ ሲለወጥ የግራና የቀኝ በአንድ ላይ ይለወጣል። ሁለት በሬዎች ጠምደን አንዱ ብርቱ ሌላው ደካማ ቢሆን ሞፈሩ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። አንዱ ጎማ በአዲስ ሸራ፣ ሌላው በአሮጌ ሸራ ሲያዝም መኪናው ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። በጠባብ መንገድ ይህ ወደ ገደል ነው።

ሸራዎቹን በሥዕላችን መሠረት እንመልሳለን። ብረቱ ከጀርባ ሳህኑ ጋር በሚፋተግበት ነጥብ ላይ ሙቀት የሚችል ግራሶ በጣም ጥቂት እንቀባለን። ሸራው ላይ ግን የጣት አሻራ ያህል ግራሶ እንኳ አይንካ። ከበሮውን መልሰን እንገጥማለን።

ቀጥሎ ማስተካከል ነው። ማርሹ ነጻ ይሁን፤ የእጅ ፍሬኑም ይለቀቅ። ድንጋዮቹ በቦታቸው መሆናቸውን እንደገና እንይ። ጎማውን እያዞርን የማስተካከያውን ቡሎን ጎማው እስኪያዝ እናጠብቃለን። ከዚያ ጎማው በነጻ እስኪዞር ድረስ ብቻ ጥቂት እናላላዋለን።

አየር ማስወጣት

ይህ ሥራ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ፔዳል ላይ፣ ሌላው ጎማው ዘንድ። የምንጀምረው ከዋናው ፓምፕ በጣም ከሚርቀው ጎማ ነው። መሪው በግራ በሆነው መኪናችን ቅደም ተከተሉ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ ነው።

ግልጹን ቱቦ በአየር ማስወጫው ቡሎን ላይ እንሰካለን። ሌላውን ጫፍ ጥቂት የፍሬን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ እንነክራለን። ጎማው ዘንድ ያለው እርገጥ ይላል። ፔዳል ላይ ያለው ቀስ ብሎ ይረግጥና ረገጥኩ ብሎ ይይዛል። ያን ጊዜ ቡሎኑ ይላላል። ዘይትና የአየር አረፋ ይወጣል። ቡሎኑ መልሶ ይጠብቃል። ልቀቅ ሲባል ብቻ ፔዳሉ ይለቀቃል። ቡሎኑ ሳይጠብቅ ፔዳሉ ከተለቀቀ አየር ተመልሶ ይገባል። ሁለቱ ሰዎች ቃል ለቃል መደማመጥ አለባቸው። አረፋ እስኪጠፋ ይህን እንደጋግማለን።

በየመካከሉ የዘይቱን ማጠራቀሚያ እንይ። ከግማሽ በታች ከወረደ እንጨምር። ባዶ ከሆነ አዲስ አየር ስቦ ሥራው እንደገና ከአንድ ይጀመራል። የወጣው ዘይት ተመልሶ አይቀዳም።

መፈተን

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። በፍሬን ግን የፈሰሰው አይለቀምም። ስለዚህ ሳንፈትን አንጭን።

ፔዳሉን በኃይል ረግጠን አንድ ደቂቃ እንያዝ። ቀስ እያለ ከወረደ አንድ ቦታ ያፈሳል። ከለሰለሰ አየር አለ። በዚህ ጊዜ ሌላው ሰው አራቱንም ጎማዎችና ቱቦዎቹን ዞሮ ይይ። አንዲት ጠብታ ብትሆንም አትናቅ። በአንድ ቀን አንድ ጠብታ የሚያፈስ ቱቦ በቁልቁለት ላይ በኃይል ሲረገጥ ሊፈነዳ ይችላል።

ከዚያ ባዶውን መኪና በሜዳ ላይ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተን እናቁመው። ደግመን በ20 እንሞክር። ወደ አንድ ወገን ከጎተተ ማስተካከያውን እንይ። ጎማዎቹን ዞረን ከበሮዎቹን ጠጋ ብለን ሙቀታቸውን እናስተያይ። አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ የሚያቃጥል ከሆነ ሸራው ተነክሷል። የጎማ ዳዶዎቹን እንደገና እናጥብቅ። ወደ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳ በኋላ አዲሱ ሸራ ቦታውን ስለሚይዝ ማስተካከያውን ደግመን እንይ። ሥራው የተሠራበትን ቀንና የተለወጠውን ዕቃ በደብተር እንጻፍ። ከእኛ ቀጥሎ መኪናውን የሚይዘው ሰው ያነበዋል።

ማድረግ የሌለብን

አንድ ጎማ ሲያፈስ የዚያን ጎማ ቱቦ በመዶሻ ጨፍልቀው በሦስት ጎማ ፍሬን የሚነዱ አሉ። ይህ ከጋራዥ እስከምንደርስ ነው ይባላል። ከዚያ ጋራዡ ይረሳል። መኪናው በሦስት ጎማ ፍሬን እህል ይጭናል፤ በእህሉ ላይ ሰው ይጭናል፤ ቁልቁለት ይወርዳል። ከላይ የተቀመጡት እናቶችና ልጆች ግን ይህን አያውቁም። ማንም አልነገራቸውም። ስለዚህ መኪና ባይኖረንም የምንሳፈር ሰዎች ሹፌሩን ፍሬኑ መቼ ታየ? ብለን መጠየቅ መብታችን ነው። ደህና ሹፌር በዚህ ጥያቄ አይቆጣም።

የተሰነጠቀ ከበሮ፣ የተቦረቦረ ዋና ፓምፕ፣ የበሰበሰ የብረት ቱቦ ስናገኝ ሥራችንን እዚያው አቁመን ለባለሙያ እናስረክብ። መኪናው እስኪሠራ ይቁም። ጭነቱ በአህያ ይሂድ። አንድ ቀን ይዘገያል እንጂ ይደርሳል።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. የላንድሮቨር አንድ የኋላ ጎማ ሲነሳ የእጅ ፍሬን የማያስተማምነው ለምንድን ነው?
2. የፍሬን ዘይትንና የሞተር ዘይትን ቆርቆሮ በምን እንለያቸዋለን?
3. በቱቦ ውስጥ አየር ሲኖር ፔዳሉ ለምን ይለሰልሳል? በስልቻው ምሳሌ አስረዱ።
4. የከበሮውን አቧራ እፍ ማለት ምን ጉዳት ያመጣል?
5. አንድ መኪና ባዶውን 1600 ኪሎ ይመዝናል። 4 ኩንታል ጤፍና እያንዳንዳቸው 60 ኪሎ የሚመዝኑ 6 ሰዎች ቢጭን ጠቅላላ ክብደቱ ስንት ኪሎ ይሆናል?
6. በአካባቢያችሁ ያለው ረጅሙ ቁልቁለት የትኛው ነው? መኪናዎች እዚያ ላይ ከመውረዳቸው በፊት ምን ማድረግ እንዳለባቸው ተወያዩ። የተስማማችሁበትን በአምስት መስመር ጻፉ።